የትኛው ካሣ?

መተማ ዮሐንስ ላይ ረፋዱ ሳይጋመስ ሰው ጥላ መሻማት ይጀምራል። ወደ ጋላባት ከሚያሻግረው ድልድይ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ሦስት ወረቀት ጉልበታቸው ላይ የዘረጉ አባት ተቀምጠዋል። አንዱ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ሁለተኛው ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ በኖሩበት ዘመን የወጣላቸው የዐረብኛ ወረቀት ነው። ሦስተኛው፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በላቲን ፊደል የተመዘገቡበት ነው። የሱቁ ልጅ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል፤ ያነብና ቀና ብሎ ያያቸዋል።

«አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ይኼስ?»

«እሱም የኔ ነው። ሦስቱም እኔ ነኝ።»

ስማቸውን እዚህ አላወጣውም። የእሳቸው ስም በ«ጨ»፣ የአባታቸው በ«ገ» እንደሚጀምር መናገር ግን ይበቃል፤ ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነውና። ዐረብኛ «ጨ» የለውም። አንዱ ጸሐፊ «ሸ» ያደርገዋል፣ ሌላው «ተ»ን ከ«ሸ» ጋር ያጣምራል። «ገ»ም በመደበኛው ዐረብኛ የለም። ሱዳኖች ግን በአነጋገራቸው «ቃፍ» የተባለውን ፊደል «ገ» ብለው ስለሚያነቡት፣ የእኛን «ገ» በእሱ ይጽፉታል። ወረቀቱ ከሱዳን ውጭ ላለ ዐረብኛ አንባቢ ሲደርስ «ገብሬ» የነበረው «ቀብሬ» ሆኖ ይነበባል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማም እንዲሁ ናት፤ የአገሩ ሰው ጋላባት ይላታል፣ የዐረብኛ መጽሐፍ ደግሞ አል-ቀላባት ብሎ ያነባታል። አንዲት ከተማ ናት። ካርታ ላይ ግን ሁለት ከተማ መስላ የታየችው ሰው አይጠፋም።

በላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ጨ» እና «ቸ» አንድ አጻጻፍ ይጋራሉ፤ «ጠ» እና «ተ»ም እንዲሁ። «ቀ» አንዴ በ«ኪው»፣ አንዴ በ«ኬ» ይጻፋል። በዚያ ላይ የስሙ ቁጥር አለ። የሱዳን መዝገብ የራስን፣ የአባትን፣ የአያትንና የቅድመ አያትን ስም ይጠይቃል፤ አራት። እኛ አያት ላይ እናቆማለን። የአውሮፓና የአሜሪካ ፎርም ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው፤ እኛ ዘንድ የሌለ ነገር ነው። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም እዚያ ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። አንድ ማሕፀን ያፈራቸው ሁለት ልጆች በወረቀት የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ።

እኔን ወደዚህ ቆላ ያመጣኝም የስም ጉዳይ ነበር። ቤታችን ውስጥ ስለ ቅድመ አያቴ የሚነገረው ባጭሩ ይህ ነው፦ ደንቢያ ተወለደ፣ ከካሣ ጋር ወደ ቆላ ወረደ፣ አልተመለሰም። ልጅ ሳለሁ ይህ ሙሉ ታሪክ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ከየትኛው ካሣ ጋር?

በዚህ ድንበር የዘመቱ ሁለት ታላላቅ ካሣዎች አሉ። አንደኛው እዚሁ ቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ ነው፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። ከመንገሡ በፊት፣ በ1840 ዓ.ም. ገደማ፣ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ መድፍ የመታው እሱ ነው። ሁለተኛው ካሣ ምርጫ፣ የተምቤኑ፣ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብሎ የነገሠውና በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቀው ነው። በደባርቂና በመተማ መካከል አርባ አንድ ዓመት አለ። ቅድመ አያቴ ከፊተኛው ጋር ከወረደ የአያቴ አባት ሊሆን አይችልም፤ ከኋለኛው ጋር ከሆነ ይሆናል። የአንድ ቤተሰብ ትውልድ ቁጥር በአንድ ስም ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ስም ተቸግረዋል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የትግራዩን ካሣ በደብዳቤያቸው «ካሣይ» እያሉ ይጽፉት ነበር፤ ሳያስቡትም ቢሆን ከቴዎድሮስ የልጅነት ስም ለይቶላቸዋል። ቴዎድሮስን ደግሞ ቴዎዶር አደረጉት።

የእኛ አባቶች ይህን ችግር ያውቁት ስለነበር መለያ አበጅተውለታል። ሰው ስሙ አንድ ብቻ አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት የዓለም ስም አለው፣ ቄሱ ያወጣለት የክርስትና ስም አለው፣ ጀግና ከሆነ የፈረስ ስም አለው፣ ከነገሠ የንግሥ ስም አለው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። የፈረስ ስም ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ከመታወቂያ ቁጥር የሚበልጥ መለያ ነው። ካሣ የሚባል ሺህ ሰው ይኖራል፤ አባ በዝብዝ ካሣ ግን አንድ ነው።

ያው የስም ብዛት ጥንቃቄ ለሌለው ሰው ገደል ይሆናል። ቋራ ያወጣቻትን እቴጌ ምንትዋብን እንውሰድ። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው። በአንድ የጎንደር ብራና ላይ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በሌላው ብርሃን ሞገሳ፣ በሰው አፍ ምንትዋብ። የማያውቅ ሦስት ሴቶች ብሎ ይቆጥራታል። የንግሥ ስም በተቃራኒው ሁለት ሰዎችን አንድ ሊያስመስል ይችላል። ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሠው የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ፤ ከእሱ በፊት በጎንደር ሌላ ተክለ ጊዮርጊስ ነግሦ ነበር። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ሲሆን ተክለ ሃይማኖት ተባለ። በ1879 ዓ.ም. ጋላባትን የመታው ይኸው ሰው ነው፤ በአንዱ ጽሑፍ አዳል፣ በሌላው ተክለ ሃይማኖት እየተባለ ይገኛል።

ዘር ሲቆጠር ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የአባት ስም ነው። ደጃዝማች ክንፉ ኃይሉ በ1829 ዓ.ም. በዚሁ ድንበር የግብፅን ጦር ድል ነሥቷል። የቦታው ስም በፈረንጅ መጻሕፍት አንዴ ካልናቡ፣ አንዴ ወድ ካልተቡ ተብሎ ይገኛል። ክንፉ ኃይሉ፣ ካሣ ኃይሉ፤ ሁለቱም የቋራና የደንቢያ ቤተሰብ ናቸው። የአንድ ኃይሉ ልጆች ናቸው የሚል ወንድሙ ነው ብሎ ይጽፋል። የለም አጎቱ ነው የሚልም አለ። ክርክሩ የተነሣው ከአንድ ቃል ነው፤ «ኃይሉ» ከሚለው። የአባት ስም መመሳሰሉ አባቱ አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የትኛው ኃይሉ፣ የማን ልጅ፣ ከየት አገር ተብሎ ካልተጠየቀ በስተቀር። እንግሊዛዊ አጥኚ በቤተሰብ ስም ተማምኖ ሲሳሳት፣ እኛ የምንሳሳተው በአባት ስም ተማምነን ነው።

የእንግሊዝን ነገር ያነሣሁት ለወጉ አይደለም። በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የገቡ ሁለት ባላባት ብሪታንያውያን ስማቸው ራሱ እንቆቅልሽ ነበርና ነው።

የመጀመሪያው በአገራችን ያዕቆብ ይባል የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር ሳለ የራስ አል-ፊል አገረ ገዥነት ተሰጥቶት ነበር፤ ራስ አል-ፊል ዛሬ መተማና ጋላባት ያሉበት ቆላ ነው። በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ገደማ ከጎንደር ሲወጣም በዚሁ በኩል ወደ ስናር ወረደ። ይህ ሰው በአባቱ አባት በኩል ብሩስ አይደለም። አያቱ ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር። የኪናርድ ርስት ወራሽ የሆነችውን ሔለን ብሩስን ሲያገባ፣ ርስቱ ብሩስ ከሚባል ሰው እጅ እንዳይወጣ ሲባል የሄይን ስም ትቶ የብሩስን ያዘ። ስሙን ይዞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ሔለን ላይ ሲደርስ ከአባት መስመር ወደ እናት መስመር ሳያውቀው ይሻገራል።

ሁለተኛው በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ተወግቶ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ቺቼሊ ፕላውደን ነው። መካከል ላይ ያለው «ቺቼሊ» የእሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ፕላውደኖች ከትውልድ ትውልድ ይዘውታል። ስሙ ሄንሪ ቺቼሊን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረውንና በኦክስፎርድ ኦል ሶልስ የተባለውን ኮሌጅ በ1438 እ.ኤ.አ. ያቋቋመውን ሰው ያስታውሳል። የመሥራቹ ዘመድ መሆኑን ያስመሰከረ ሰው በኮሌጁ ቦታ የማግኘት መብት ነበረው። ስለዚህ በ1765 እ.ኤ.አ. የቺቼሊን ዘር ብቻ የሚቆጥር መጽሐፍ ታተመ፤ ከማን ተወልዶ ማን ማንን አገባ እያለ። ስሙ በአንዱ ወረቀት መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ ለእንግሊዝ አጥኚ ግን አጻጻፉ ብዙ አያስጨንቀውም። የሚያየው ርስቱን፣ ሰበካውንና የጋብቻውን ውል ነው። ሰበካዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 እ.ኤ.አ. ነው፤ የስም አጻጻፍ የረጋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። የሼክስፒር እጅ ናቸው የሚባሉት ስድስት ፊርማዎች እንኳ አይመሳሰሉም።

ልዩነቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ርስት ከስም ጋር ስለተሳሰረ ሰው ለርስት ሲል ስሙን ይለውጥ ነበር። በጎንደርና በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር ስም መለወጥ አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው ቆጠራው ነው። ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናት ቢሉ በአባት እስከ ራሱ መቁጠር ከቻለ ድርሻ ይጠይቃል። ዳኛ ፊት ቆሞ ቆጥሮ የተረታ አለ፣ ቆጥሮ የረታ አለ። ጋብቻም ሰባት ቤት ይጠይቃል። ለእኛ ዘር መቁጠር ትዝታ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው አንድ እግር ተቆረጠ። አዋጁን ለመንቀፍ አይደለም የማነሣው፤ ብዙ ጭሰኛ ነፃ ወጥቶበታል። ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ ዘሩን ካልቆጠረ የሚያጣው መሬት የለም። እዚህ ቆላ ደግሞ የባሰ ነው። መተማና ቋራ የሠፈራ አገር ናቸው፤ ሰዉ ከየደጋው ወርዶ የኖረበት፣ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ የቀረበት። ጉሙዙ ነባር ነው። ተክሩሩ ወደ ሐጅ ሲያልፍ ከምዕራብ አፍሪካ መጥቶ የቀረ ነው፤ ስሙ ራሱ በሴኔጋል ወንዝ አጠገብ ከነበረ ጥንታዊ መንግሥት የመጣ ነው። ከደጋ የወረደው ቤተሰብ ሽማግሌዎቹን ደጋ ትቶ ወርዷል። ቆጣሪው ወዲያ ማዶ፣ ተቆጣሪው ወዲህ።

ስለ ካሣ መረጃ ስፈልግ ሌላ መሰናክልም ገጠመኝ። መተማም ሁለት ነች። በዓባይ ዳር፣ ከሸንዲ ማዶ፣ ሌላ መተማ አለች። በ1885 እ.ኤ.አ. ወደ ካርቱም ሲገሠግሥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር አጠገቧ ተዋግቷል፤ በ1897 እ.ኤ.አ. እኛ ደርቡሽ የምንላቸው የመህዲስቶች አዛዥ ማህሙድ ወድ አህመድ የጃዓሊን ነገድ የፈጀው በእሷ ላይ ነው። ዘመኑ አንድ፣ ጠላቱ አንድ፣ ስሙ አንድ። «መተማ ላይ የወደቀ» የሚል የእንግሊዝ መዝገብ ሲገኝ ልብ ይዘላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዓባዩዋ መተማ ሆና ትገኛለች። የሱዳን ታሪክ ጸሐፊዎች የእኛን ጦርነት የቀላባት ጦርነት ስለሚሉት ደግሞ «መተማ» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም። ዓመተ ምሕረቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይበላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝና የሚገርመኝ የስም ታሪክ የተፈጸመው ግን በእኛው መተማ ሜዳ ላይ ነው። አጼ ዮሐንስ ቆስለው ድንኳን ሲገቡ መንግሥቱን የሚያወርሱት ልጅ አልነበራቸውም፤ ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በፊተኛው ዓመት ሞቷል። በዚያ ሌሊት፣ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው የጉግሣ ልጅ ተብሎ የሚታወቀውን መንገሻን ልጄ ነው አሉ። በአንድ ቃል መንገሻ ጉግሣ መንገሻ ዮሐንስ ሆነ። ዘሩን የሚቆጥር ሰው ከ1881 በፊት የተጻፈውን ሲያነብ የወንድም ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሲያነብ የአብራክ ልጅ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ጸሐፊዎች የሰሙትን ነው የጻፉት።

የንጉሡን አስከሬን ሲከላከሉ የሞቱት ራስ አርአያም ሌላ አርአያ ናቸው፦ ራስ አርአያ ድምጹ፣ የንጉሡ አጎት። ልጁ አርአያ ሥላሴና አጎቱ አርአያ ድምጹ በአንድ ዓመት ልዩነት ስለሞቱ የፈረንጅ መጻሕፍት አንዳንዴ ያቀላቅሏቸዋል። ከመንገሻ ደግሞ ሥዩም መንገሻ ተወለደ፣ ከሥዩም መንገሻ ሥዩም። የአያትና የልጅ ልጅ ስም አንድ ሆነ፤ የአባትየውና የልጅየው ስም ተገለባብጦ ተጻፈ። በፊደል ተራ በሚደረደር የፈረንጅ ማውጫ ውስጥ ይህ ቤተሰብ ሲበታተን አይቻለሁ። ጉግሣዎቹን ልጨምር? የየጁው ራስ ጉግሣ፣ የንጉሡ ወንድም ጉግሣ፣ የአርአያ ሥላሴ ልጅ ጉግሣ፣ በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የሞቱት ራስ ጉግሣ ወሌ። በእነዚህ መካከል ሰው የሚለየው በአባት ስም፣ በዘመንና በአገር ብቻ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው አይበቃም።

ማንነት የሚደባለቀው በስም ብቻም አልነበረም። በቴዎድሮስ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ ነበር። ሊቀ መኳስ በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚሰለፍ፣ ጠላት ንጉሡን እንዳይለየው የሚያደርግ ሹም ነው። ቤል ፕላውደን ከሞተ ብዙ ሳይቆይ ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። ሆን ተብሎ ማንነትን የሚያደባልቅ ማዕረግ የነበረን ሕዝብ ነን።

መልሱን ያገኘሁት ገንዳ ውኃ፣ አክስቴ ቤት ነው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የአባቴ እህት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ደብተሬን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ቅድመ አያቴ የወረዱት ከየትኛው ካሣ ጋር ነው?»

«ከካሣ ጋራ ነዋ።»

«ከቋራው ነው ከትግሬው?»

ዝም አሉ። ጥያቄው ለእሳቸው ትርጉም አልነበረውም፤ አባታቸው የነገሯቸው ካሣ ብለው ነው። ስሙን ትቼ ሌላ ነገር መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«አያቴስ መቼ ተወለዱ? አባትዎ፣ እሳቸው ምን ይሉ ነበር?»

«እሱማ» አሉ ወዲያው፣ ድምፃቸው ነቅቶ። «ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ነው። አያቴ ሆዷ ገፍቶ፣ ሰዉ ሁሉ ሲሸሽ፣ ዋሻ ውስጥ ወለደችው። አባቱ አይቶታል። ታቅፎታልም አሉ። በዓመቱ ነው የወረደው። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፤ እሷ ብቻዋን አሳደገችው።»

ደርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለው በጥር 1880 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ መጋቢት 1881 ነው። ክፉ ቀን የተባለው ታላቁ ረኃብም በዚያው ዘመን ነው። ሦስቱም ገጠሙ፤ ከአባ በዝብዝ ካሣ ጋር ነው የወረደው። ያ ሁሉ መጽሐፍ ያልፈታውን የአንዲት አራስ ሴት ወሬ ፈታው። በደብተሬ ላይ ካሣ ከሚለው ጎን «ምርጫ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩ 1881።

«ጻፍከው?» አሉ አክስቴ።

«ጽፌዋለሁ።»

«እሷንስ?»

ገጹን አየሁት። ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት የቆጠርሁት ሁሉ ወንድ ነው። ዋሻ ውስጥ የወለደችው ሴት፣ ዘመኑን የነገረችን፣ ስሟ የለበትም። ብዕሩን እንደገና አነሣሁና እንዲነግሩኝ ጠበቅሁ፤ አክስቴ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የክርስትና ስሟንና የተወለደችበትን ደብር እየቆጠሩ፣ እኔም ፊደል እየለየሁ፣ በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ እየጠየቅሁ፣ ጀበናው እስኪቀዘቅዝ ጻፍሁ።